የቀጨኔዋ ኩርኩም

ጤና አዳም ሲሸተኝ የእንግሊዝኛ ግስ ትዝ ይለኛል። ሌላው ሰው ሲሸተው አይብ ያምረዋል፣ ወይ የሆድ ቁርጠቱን ያስታውሰዋል፤ እኔን ግን «ቴክ፣ ቱክ፣ ቴክን» ያስብለኛል። ባለፈው ሰሞን ሽሮ ሜዳ ታክሲ መያዣው አጠገብ አንዲት ሴት እስር እስሩን ማዳበሪያ ላይ ደርድራ ስትሸጥ፣ ሽታው አፍንጫዬን ያዘኝና እግሬ በገዛ ፈቃዱ ቆመ። «ይውሰዱ እማማ፣ ትኩስ ነው፤ ሠላሳ ብር» አለችኝ። ሠላሳ ብር! እኔ ልጅ ሆኜ ጤና አዳም ከጎረቤት አጥር የሚቀነጠስ እንጂ የሚሸጥ ነገር መሆኑን የሚያውቅ አልነበረም። የክፍሌ ልጆች ኪስ ሁሉ በሱ የተሞላ ነበር፤ ለምን እንደነበር ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ከሴትየዋ ጋር ዋጋ እየተከራከርኩ ሳለ ከኋላዬ «ውይ! ቀጨኔ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። በዚያ ስም ይጠሩኝ የነበሩ ሰዎች ወይ ሞተዋል ወይ አርጅተዋል። ዞር ስል ያረጀች አገኘሁ።

ሰብለ ነበረች፤ በልጅነቴ የነበረችኝ ብቸኛ ጓደኛ። ፀጉሯ ከለበሰችው ነጠላ በላይ ነጥቷል፣ ከወገቧ ጎበጥ ብላለች፣ ሳቋ ግን ያው ነው። ጉንጬን እያገላበጠች ሳመችኝ፤ እኔም ሳምኳት፤ ደስታዬ እውነተኛ ነበር። አጠገቧ አንገቷ ላይ የጆሮ ማዳመጫ ያንጠለጠለች ረጅም ልጅ ቆማለች፤ የልጅ ልጇ ሜላት ናት። ሰብለ ወሬ ሳታበዛ ጉዳይዋን አወጣች። «አስተማሪ ሆነሽ ጡረታ ወጣሽ ሲሉ ሰምቼ ሳፈላልግሽ ነበር፤ እግዜር ነው ያገናኘን። ይቺ ልጅ አንድ ትልቅ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ልትሆን ኢንተርቪው ተጠርታለች። ስታወራ ፈረንጅ ናት፤ ግሱን ግን ትገድለዋለች ይላሉ።» «እማዬ ደግሞ! እኔ እኮ አወራለሁ፣ በቃ» አለች ልጅቷ። እስቲ ትናንት የት እንደዋልሽ በእንግሊዝኛ ንገሪኝ አልኳት። «አይ ሃቭ ዌንት...» ብላ ጀመረች። አላስጨረስኳትም። «ቅዳሜ ጠዋት ቤቴ ትምጣ» አልኩና ጤና አዳሙን ሳልገዛ ታክሲ ውስጥ ገባሁ።

ታክሲው ሽቅብ ሲያቃስት እኔ ቁልቁል ወደ ልጅነቴ ወረድኩ። ዘመኑ የማን እንደነበር አልጠራም፤ መንግሥት ሲለዋወጥ እኛ ሰፈር የሚለወጠው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ፎቶ ብቻ ነበር። ስሙኒ የያዘ ልጅ ከጋሽ ከማል ሱቅ ዳቦም ከረሜላም ገዝቶ መልስ ይዞ ይገባል። ጋሽ ከማል ላምባ በጭልፋ እየቀዱ፣ ስኳር በወረቀት እየጠቀለሉ፣ እስክሪብቶ ደግሞ ግድግዳቸው ላይ እየሞከሩ ይሸጡ ነበር፤ ሙከራው የግድግዳውን ግማሽ ሰማያዊ አድርጎታል። እግራችን ላይ ኮንጎ ጫማ ነበር፤ በበጋ እግር የሚቀቅል፣ በክረምት ውኃ ገብቶበት እንደ እንቁራሪት የሚጮህ ላስቲክ። ካልሲ የሀብታም ልጅ ምልክት ነው። ጎረምሶቹ ከጉልበት በታች እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ ሱሪ ለብሰው ልብስ ሰፊው በር ላይ ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ዘፋኙ ሁልጊዜ ጥላው የሄደችውን ሴት ይለምናል፤ እነሱም ግንባራቸውን አኮማትረው አብረውት ያዝናሉ፤ አብዛኞቹ ግን እንኳን ጥላቸው ልትሄድ የቀረበቻቸውም ሴት አልነበረችም። ያ ጥግ ዛሬ ባለ መስታወት ሕንፃ ሆኗል፤ ምድር ቤቱ ውስጥ የስልክ ሽፋን ይሸጣል። መንገዱም ድንጋይ ተነጥፎበት ጭቃው ቀርቷል። ጭቃው በመቅረቱ ከሰፈሩ ሁሉ የማዝነው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ምክንያቱም እኛ ቀጨኔዎች የኖርነው በጭቃ ነው። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። አፈሩን ከእንጦጦ ግርጌ በጀርባዋ ታመጣለች፣ ታቦካዋለች፣ በእጇ እያዞረች ድስትና ጀበና ታወጣበታለች፣ ከዚያ ግቢያችን ውስጥ በኩበትና በባሕር ዛፍ ቅጠል ታቃጥለዋለች። ጢሱ ከፀጉሬ አይለቅም፤ አፈሩ ከጥፍሬ አይወጣም። በዚያን ጊዜ ሸክላ የሚሠራ ሰው ቡዳ ነው ይባል ነበር፤ ዓይኑ ሰው ይበላል፣ ትክ ብሎ ያየው ልጅ ታሞ ይሞታል። «ይባል ነበር» የምለው ለጨዋነት ነው፤ አሁንም ይባላል። ገበያ ላይ ሴቶቹ ድስቱን አገላብጠው ያያሉ፣ በጣታቸው መታ መታ አድርገው ድምፁን ያዳምጣሉ፣ እናቴን ግን አያዩዋትም። ሳንቲሙን መሬት ላይ ጣል አድርገው ድስታቸውን አንጠልጥለው ይሄዳሉ። እናቴም ሳንቲሟን አንስታ፣ አቧራውን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ለኔ ደብተር ትገዛበታለች።

ትምህርት ቤት በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት እንቀመጥ ነበር፤ የኔ ዴስክ ላይ ግን ሁለት ነን፤ እኔና ተመድባ የተቀመጠችው ሰብለ። እንግሊዝኛ የሚያስተምረን መምህር አጥናፉ ነበር። አንድ ግራጫ ሱፍ ልብስ አለው፣ ማበጠሪያውን ካልሲው ውስጥ ይሰካል፤ እንግሊዝኛውን ከሕንድ አስተማሪ፣ ቁጣውን ከወላጅ አባቱ የተማረ ሰው ነው። ከ«ስ» ፊት የምንጨምራትን «እ» አጥብቆ ይጠላት ነበር። «እስፒክ፣ እስፖክ» ስንል «ይቺን እ ከየት አመጣችኋት? ፈረንጅ ሰጣችሁ?» እያለ ይጮሃል። ምላሳችሁን በጥርሳችሁ መሐል አውጡ ይለንና ክፍሉ ሙሉ ልጅ ምላሱን አውጥቶ፣ ምራቁን እየረጨ «ሲንክ» ለማለት ይታገላል። ራሱ ግን ፊደሉን አንድም ሳያስቀር አንብቦ «ቲች፣ ታውግት፣ ታውግት» ይል ነበር። በኋላ መምህራን ማሠልጠኛ ገብቼ እሱ እንዳስተማረኝ «ታውግት» ስል የተሳቀብኝ ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ብቻ እሱ ፊት ትክክለኛውን «ቶት» ያለ ልጅ ወዮለት። ደንበኛው ግስ ጨዋ ነው ይለን ነበር፤ መጨረሻው ላይ አንድ ድምፅ ጨምረህ ታሰናብተዋለህ። ኢሬጉላሩ ግን ክፉ ጎረቤት ነው፤ ለምን እንዲህ ሆንክ ቢሉት መልስ የለውም፤ ዝም ብሎ መልመድ ነው።

የምንለምደው ደግሞ በኩርኩም ነው። ለማያውቅ ወጣት ልንገር፤ ኩርኩም ማለት ጨብጦ፣ የመሐል ጣትን አንጓ አውጥቶ፣ የሰው አናት ላይ ማንኳኳት ነው። ደንቡ እንዲህ ነበር። መምህሩ ግሱን ይጠራል፤ ያልመለሰ ቆሞ ይቀራል፤ ቀጣዩ ይጠየቃል፤ እሱም ካልመለሰ ይቆማል። በመጨረሻ የመለሰው ልጅ የቆሙትን በሙሉ እየዞረ ይኮረኩማል። መምህሩ ክንዱ አይደክምበትም፣ ልጆቹም አንዳቸው በሌላቸው እጅ ያለቅሳሉ። ማንም ደንቡን ክፉ ነው አላለም። የመታህ ልጅ በማግስቱ ይሳሳታል፣ አንተም ትመታዋለህ፣ ከዚያ አብራችሁ ኳስ ትጫወታላችሁ።

የመጀመሪያ ተራዬ በደረሰ ቀን የተጠራው ግስ «ኢት» ነበር፤ መብላት። ከፊት የተቀመጠው የፖሊስ ልጅ ተስፋዬ «ኢትድ» አለ፤ ቆመ። ከሱ ቀጥሎ ያለችው ዝም አለች፤ ቆመች። እንዲህ እያለ ረድፉ ሁሉ ቆሞ፣ ሰብለ ሳትጠየቅ እኔ ጋ ደረሰ። «ኢት፣ ኤት፣ ኢትን» አልኩ፤ ጥርት አድርጌ። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ የአሁኑንም፣ ያለፈውንም፣ የተበላውንም በአንድ ትንፋሽ በልታ ጨርሳለች። «ጎበዝ!» አለ መምህር አጥናፉ፤ «በይ ኮርኩሚያቸው።» ወደ ተስፋዬ ስራመድ ያ በጉልበቱ ሰፈር የሚያሸብር ልጅ ዴስክ ሥር ገባ። «መምህር እርስዎ ይምቱኝ! በአለንጋ ይምቱኝ! እሷ አትንካኝ!» እያለ ይጮሃል። ከኋላው ያለችው ልጅ ማልቀስ ጀመረች። «ምን ሆናችኋል?» አለ መምህሩ። «ትበላናለች!» አለው አንዱ ከጥግ። በአዋቂዎቹ ሕግ ቡዳ የሚበላው በዓይኑ ነው፤ የኔ ክፍል ልጆች ግን ዓይኔ አልበቃ ብሏቸው እጄንም ጨመሩበት።

መምህር አጥናፉ ይቆጣቸዋል ብዬ ጠበቅኩ። የተማረ ሰው ነው፣ ሱፍ ለብሷል፣ ከሕንድ ጋር በእንግሊዝኛ ተነጋግሯል። እሱ ግን ፈገግ አለ፤ የጠፋበትን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ያገኘ ሰው ፈገግታ ነበር። «ውጣ ከዚያ» አለው ተስፋዬን። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ ቀስ ብሎ፣ «ኮርኩሚው» አለኝ። ኮረኮምኩት። ጠንክሬ ነው የመታሁት፤ ዛሬም ቅር አይለኝም፤ ጣቴ ጭቃ ሲያሽ ያደገ ጣት ነው።

በሚቀጥለው የግስ ቀን ክፍሉ በሙሉ አጥንቶ መጣ። በታሪካችን እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም። ኪስ ሁሉ ጤና አዳም ታጭቆበታል፤ አንዳንዱ ጆሮው ላይ ሰክቷል፤ ነጭ ሽንኩርት በክር አስሮ ያንጠለጠለም ነበር። ይህን ሁሉ ያደረጉት እኔን ለመከላከል ነው፤ ለቡዳ መድኃኒት ነው ይባላልና። ክፍሉ የወጥ ቤት ሽታ ሸተተ። ከዚያ ወዲያ መምህር አጥናፉ አለንጋውን ቤቱ ትቶ መምጣት ጀመረ። የሚንተባተብ ልጅ ሲያጋጥመው «ቀጨኔ ትምጣ?» ይላል፤ ልጁ ወዲያው ይታወሰዋል። ሌሎችም የቀጨኔ ልጆች ነበሩ፤ ስሙ ግን ለኔ ብቻ ተሰጠ፤ እናቴ ያወጣችልኝ ስም ከስም መጥሪያው ሰዓት በቀር ቀረ። በዓመቱ መጨረሻ ዳይሬክተሩ ክፍላችን ድረስ መጥቶ መምህሩን «ያለ አለንጋ የሚያስተምር አዲስ ሰው» ብሎ አመሰገነው። አጨበጨብን፤ እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ ክፍል የወጡት ዛሬ ሐኪምም ነጋዴም ሆነዋል፤ ከፈረንጅ ጋር ሲነጋገሩ አንድ ግስ አይስቱም ይባላል። የኔ ጣት ሥራ ነው፤ ማንም አላመሰገናትም።

እኔ ራሴ መሳሳት አልችልም ነበር። ሌላው ቢሳሳት ተሳሳተ ይባላል፤ እኔ ብሳሳት የሚሆነውን አላውቅም። ደግሞም አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ይህን ለባሌም ነግሬው አላውቅም። ገመድ ሲዘለል፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ ሲዞር፣ የኔን እጅ የሚይዝ አልነበረም። እጄ ከሰው ገላ ጋር የሚገናኘው በኩርኩም ብቻ ነበር። የልጆቹ አናት ሞቅ ይላል፤ ቅቤም፣ ላብም፣ ፀሐይም አለበት። ያ ሙቀት ጣቴ ላይ ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል። ግሱን ያጠናሁት ለሱ ነበር።

ለእናቴ ነገርኳት። ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሷ ግን እጇን ከጭቃው ሳታወጣ «ጅሎች» አለች። «እናቶቻቸው እኔ ያበጀሁትን ድስት በየቀኑ ያሹታል። ልጆቹም ከሱ ያልወጣ ወጥ በልተው አያውቁም። እጄ ከገባ እኮ ቆይቷል ሆዳቸው ውስጥ። አንቺ ግሱን አትርሺ፣ መምታቱንም አትተዪ።» እናቴ የዋዛ ሴት አልነበረችም።

ሰብለ ብቻ ተለየች። አባቷ ሽሮ ሜዳ የጥበብ ልብስ ሱቅ አላቸው፤ ካልሲዋ ነጭ ነው፣ ዩኒፎርሟ በካውያ የተተኮሰ። ከኩርኩሙ በኋላ ሌላው ከኔ ሲሸሽ እሷ መቅረብ ጀመረች። በየጠዋቱ ከቀጨኔ መድኃኔ ዓለም በታች ያለው ድልድይ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ዳቦ ታካፍለኛለች። ከዚያ እየሄድን እሷ ግሱን ትጠራለች፣ እኔ አርማታለሁ። ያቺ «እ» የእሷም ምላስ ላይ ተጣብቃ ነበር። «መጀመሪያ እባብ ሁኚ፣ ስስስ በይ፣ ከዚያ ፒክ በይ» እላታለሁ። መንገዱን ሙሉ እባብ ሆና እየሳቀች ትሄዳለች፤ የሚያልፉት ሰዎች ዞር ብለው ያዩናል። ክረምት ሲሆን ውኃው ከኮረብታው እየጮኸ ሲወርድ ድምፃችንን ከፍ አድርገን «ፎል፣ ፌል፣ ፎለን! ፍሪዝ፣ ፍሮዝ፣ ፍሮዝን!» እንላለን። እንደዚያ የተደሰትኩበት ጊዜ በሕይወቴ ጥቂት ነው። ሰብለን አንድም ቀን አልኮረኮምኳትም፤ አንድም ቀን አልሳተችማ። ለምን ከኔ ጋር እንደምትሄድ አልጠየቅኳትም፤ የሚወዱት ሰው ይህ አይጠየቅም።

አንድ ቀን መሳሳት አማረኝ። እንደ ማንኛውም ልጅ ቆሜ፣ እንደ ማንኛውም ልጅ አናቴን መመታት ፈለግኩ። ግሱ «ብሬክ» ነበር። «ብሬክድ» አልኩ። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። መምህር አጥናፉ ቅንድቡን አነሳ፣ ጥቂት ጠበቀኝ፣ ከዚያ ወደ ተስፋዬ ዞረ። «ብሬክ፣ ብሮክ፣ ብሮክን» አለ ተስፋዬ።

«በል ኮርኩማት።»

ተስፋዬ እጁን አየ። «አልፈልግም መምህር።»

«ለምን?»

«እጄን እፈልገዋለሁ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም ሳቁን ለመደበቅ ወደ ሰሌዳው ዞረ። «ማን ይኮረኩማታል ታዲያ?» አለ። እጁን ያወጣ የለም። ሰብለን አየኋት፤ አንገቷን ደፍታ ደብተሯን ታገላብጣለች። ስለኔ አፍራ ነው አልኩ በልቤ። በመጨረሻ መምህር አጥናፉ ራሱ መጣ። ተመስገን አልኩ፤ የመምህርም እጅ እጅ ነው፤ አንገቴን ደፋሁለት። አለንጋውን ከተወ ወዲህ ሌሎቹን ሲመታ በመዳፉ ነበር። እኔ ጋ ሲደርስ መለስ ብሎ ከጠረጴዛው ላይ ዳስተሩን አነሳና በእንጨቱ በኩል አናቴን መታኝ። የጠመኔው ብናኝ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ከዚያ ቀን በኋላ እስካሁን ድረስ ግስ ተሳስቼ አላውቅም።

ከዚያ ዕድሜ እንደሚሄደው ሄደ። ፈተናውን አለፍኩ፣ መምህርት ሆንኩ፣ ክፍለ ሀገር ተመደብኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ባሌን ቀበርኩ፣ ተመልሼ ጉለሌ ገባሁ። ያን ሁሉ ዘመን ሳስተምር የሰው ልጅ ኮርኩሜ አላውቅም። ሰብለ ስታገባ አልጠራችኝም፤ ጊዜው ክፉ ስለነበር ትልቅ ድግስ አልደገሱም ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ልጅነቴን ሳስበው መራራ ነው፤ ድልድዩ ጋ ስደርስ ግን ይጣፍጠኛል። ቢያንስ አንድ ሰው አልፈራኝም ነበር፤ ቢያንስ አንዲት ልጅ ቀድማ ተነስታ፣ በብርድ ቆማ ጠብቃኛለች። ይህን ይዤ ነው ያረጀሁት። ሰው ከዚያ ያነሰም ይዞ ያረጃል።

ሜላት ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ጀመረች። ጎበዝ ልጅ ናት። ስልኳ ውስጥ ግስ የምትጠራ አንዲት ሴትዮ አለች፤ መቶ ጊዜ ቢጠይቋት አትቆጣም፣ ማንንም አትመታም። «ታውግት ብለው ተማሩ? የምርዎትን ነው እማማ?» እያለች ስለ መምህር አጥናፉ ስነግራት ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ስለ ጤና አዳሙ ግን አልነገርኳትም። አንድ ቀን ጣቶቼን አንድ በአንድ በጣቶቿ ይዛ፣ «እጅዎ ያምራል እኮ፣ የሠራተኛ እጅ ነው» ብላ ጥፍሮቼን ቀይ ቀለም ቀባችልኝ፤ እየቀባች «ስዊም፣ ስዋም፣ ስወም» ትላለች። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ የቀለሙ ሽታ ነው አልኳት። ኢንተርቪውዋን አለፈች። ሰብለ በደስታ ኬክ ይዛ፣ አዲስ ነጠላ ለብሳ፣ ልታመሰግነኝ ቤቴ መጣች።

ሦስታችን ተቀምጠን ኬኩ ተቆረሰ። ሜላት «እማዬም እኮ በግስ ጎበዝ ናት፤ እርስዎ ነዎት አሉ ያስተማሯት» አለች። ሰብለ ሳቀች።

«እኔማ ሳልወድ ነው የተማርኩት! እናቴ ናት፣ ነፍሷን ይማረውና። ስለ ኩርኩሙ ስነግራት ክው አለች። ‹ቶሎ ከልጅቷ ጋር ተወዳጂ› አለችኝ፤ ‹በጠዋት እየሄድሽ ጠብቂያት፣ ግሱን ራሷ ታስጠናሽ። ለወዳጇ እጇን አታነሳም።› ይኸው ክረምት ከበጋ ድልድዩ ላይ ተገትሬ! ዳቦውንም እኮ እሷ ናት የምታሲዘኝ፣ እንዳትቀየሚኝ ብላ።» ይህን ብላ እኔም እንድስቅ እየጠበቀች አየችኝ። ክፋት አልነበረባትም። እንደ ጥሩ ጨዋታ ነው ያመጣችው።

ዳቦውን በእጄ ሰጥታኝ እንደማታውቅ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። የድልድዩ ግንብ ላይ ታስቀምጥና ፈቀቅ ትላለች፤ እኔ አነሳዋለሁ። የሀብታም ልጅ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር።

«ቆይ፣ ምናቸውን ነው የምትፈሪው?» አለች ሜላት።

«ተይው፣ የልጅ ነገር ነው» አለች ሰብለ።

«ቡዳ ስለሆንኩ ነው» አልኳት ለልጅቷ።

«እማዬ! በናትሽ! ሼም ነው!» ሜላት አያቷን ትከሻዋን መታ አደረገቻት። ሰብለ ትንሽ ቀላች። «የድሮ ሰው ምን ያውቃል ልጄ፤ አሁንማ ሠልጥነናል፤ ሁላችንም አንድ ነን» አለችና ነገሩን በሳቅ ልትዘጋው ወደኔ ዞረች። «ብቻ አንድም ቀን አልኮረኮምሽኝም! ከክፍሉ ሁሉ ያመለጥኩሽ እኔ ብቻ ነኝ።»

አዘንኩ። ከዚያ ዘመን ያተረፍኩት አንድ ነገር ነበረኝ፤ እሱንም ከኬኩ ጋር ቆርሳ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ከሐዘኑ በኋላ ንዴት መጣ፤ ንዴቱ ይሻላል፣ እሱን እለምደዋለሁ።

«ሲክ» አልኳት።

«ምን?»

«ሲክ። መፈለግ። ያለፈውን በይኝ።»

«ውይ... እ... ሲክድ?»

ሜላት አፏን በእጇ ያዘች። «ሶት ነው እማዬ! ሲክ፣ ሶት፣ ሶት!»

«እንግዲህ ጎንበስ በይ» አልኩ።

ሰብለ ሳቀች። እኔ አለመሳቄን አይታ ሳቋን አሳጠረች። ሜላት ግን ደስታዋን አልቻለችውም፤ «በናትሽ እማዬ፣ ቪዲዮ ልያዝ!» ብላ ስልኳን አወጣች። «ሠልጥነናል አላልሽም?» አልኳት ሰብለን። ልጅቷን አየች፣ ስልኩን አየች፣ እጄን አየች። ከዚያ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደችና ጎንበስ አለች።

ከወንበሬ ተነሳሁ፤ ጉልበቴ ስለሚያመኝ ጊዜ ወሰደብኝ። ጨብጬ የመሐል ጣቴን አንጓ አወጣሁ። ከላይ ሆኜ ሳያት ዓይኖቿን ጭምቅ አድርጋ ጨፍናለች፤ ከንፈሮቿ ይንቀሳቀሳሉ። «አባታችን ሆይ» እያለች ነበር። እኔም በየጠዋቱ የምደግመው ጸሎት ስለሆነ የቱ ጋ እንደደረሰች ከከንፈሯ አወቅኩ። እስክትጨርስ ጠበቅኳት። ከዚያ ኮረኮምኳት።